ባለዲሹ ሚኒባስ ሽማግሌ የጫነ ዕለት

ዳንግላ መናኸሪያ ገብታችሁ ስሜን ብትጠይቁ ማንም አያውቀኝም። "ባለዲሹ" ካላችሁ ግን ሎሚ ሻጯ ሳትቀር መኪናዬን በጣቷ ታሳያችኋለች። ከገዛ መኪናዬ ጣሪያ ያነሰ ስም ይዤ መኖር ከጀመርሁ ሰነበትሁ፤ አልተቀየምሁም።

ነገሩን ያመጣሁት ከሰው አይቼ ነው። የጫግኒ መስመር የሚሠራ አንድ ወዳጄ መኪናው ላይ የሳተላይት ቴሌቪዥን አስገጠመና ሰው እየተጋፋ ሲገባለት አየሁ። ቅናት እንደ ጉንፋን ነው፤ መያዝህን የምታውቀው ካስነጠስህ በኋላ ነው። እኔም ሳስነጥስ ራሴን ባሕር ዳር፣ መኪናዬን ጋራዥ ውስጥ አገኘሁ። ጣሪያው ላይ ድፎ ዳቦ የመሰለች ነጭ ነገር ጉብ አለች። መኪናው በታጠፈ ቁጥር እሷ ሆዷ ውስጥ እየዞረች ሳተላይቷን ትፈልጋለች። ባለሙያው እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ስክሪኑ ከወንበሬ ጀርባ ተሰቀለ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ተሳፋሪው ያያል፣ እኔ እሰማለሁ። በገዛ መኪናዬ፣ በገዛ ቴሌቪዥኔ፣ የጎረቤት ጠብ በግድግዳ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆንሁ።

ባለቤቴ ትርንጎ መኪናውን ግቢ ሳስገባው ወጥታ ጣሪያውን አየችና "ሰው መኪና የሚሳፈረው ሊደርስ ነው። አንተ እንዳይደርስ የሚያደርገውን ገዝተህ መጣህ" አለችኝ። መልሱን ዛሬም እየፈለግሁት ነው።

እውነቷን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። የእኔ መስመር ከዳንግላ ኢንጅባራ ነው፤ አንዲት እናት መሃል ላይ አዲስ ቅዳም ወራጅ ነኝ ብለው ተሳፍረው፣ ድራማው ውስጥ ሠርግ ሆኖ "እሱ ሳያልቅማ አልወርድም" ብለው ኢንጅባራ ገቡ። እዚያ ስንደርስ ሙሽራዋ ጠፋች። እናትየው መገኘቷን ሳያዩ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነግረውኝ አብረውኝ ተመለሱ፤ አዲስ ቅዳምንም በሌላኛው በኩል አለፏት። ኳስ ያለ ዕለት ደግሞ ኢንጅባራ የደረሰው አይወርድም፤ ወደ ዳንግላ የሚሄደው መግቢያ አጥቶ ውጭ ቆሞ በመስኮት ያያል። እኔ መሪ ይዤ የቆመ መኪና እነዳለሁ። ዜና ሲከፈት መኪናው ሸንጎ ይሆናል፤ መዝሙር ሲከፈት የኋላ ወንበር ያኮርፋል፤ ዘፈን ሲከፈት የፊቱ ያኮርፋል። ኩርፊያውን በዕጣ የተከፋፈሉት ይመስላል።

ይቅር ወይስ ይቆይ ብዬ ሰው ማማከር ያዝሁ። አንገቱን ያመመው ይቅር አለኝ፤ ሚስቱ ቤት የምታኮርፈው ይቆይ አለኝ። መናኸሪያው በር ላይ የሚቆሙ ጋሪ ነጂዎች ደግሞ ሳይጠየቁ ነው የመከሩኝ። "የእኛ ተሳፋሪ የሚያይ የፈረስ ቂጥ ነው" አለኝ አንደኛው፣ ልጓሙን እያጠበቀ። "ግን መውረጃው ጠፍቶት አያውቅም።"

እንዲህ እያመነታሁ ሳለ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ሚስት ላግባ አለ።

ደሳለኝ ዳንግላ ውስጥ የከብት መድኃኒት ይሸጣል። ልጅቱ የዝና ትባላለች፤ ኢንጅባራ አንድ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች፣ ወላጆቿ ግን ከኢንጅባራ ወዲያ ጥርባ አጠገብ ናቸው። አባቷ አቶ አለኸኝ የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ ከዚህ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን በባዶው መመለሳቸው ዳንግላ ድረስ ይወራል። ስለዚህ ሽማግሌ በጥንቃቄ ተመረጠ። አፈ ጉባኤው ቄሰ ገበዝ አድማሱ ሆኑ፤ ውሸት የሚባል ነገር ከአፋቸው ወጥቶ የሰማ ሰው የለም። ሁለተኛው አቶ ጥላሁን ናቸው፤ የመንግሥት ሥራ ላይ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ አገውኛም አማርኛም እኩል የሚናገሩ። ሦስተኛው ጎረቤታችን አያ ቢያድግልኝ ነው። እሱን የመረጥነው ብንተወው ስለሚቀየም ነው።

ሹፌሩ እኔ ነኝ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ቀጠሮው ከቀትር በኋላ። ደሳለኝ ጠዋት ጫማውን ጠርጎ አጥልቆ፣ የትም እንደማይሄድ ትዝ ሲለው መልሶ አወለቀው። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም።

ከዳንግላ ስንወጣ ቄሰ ገበዝ "እሱን ነገር አትክፈተው፤ የከበረ ጉዳይ ይዘን ነው የምንሄድ" አሉኝ። አልከፈትሁም። ትንሽ እንደሄድን አያ ቢያድግልኝ ሪሞቱን ከወንበሩ ኪስ አውጥቶ "ሰዓቱን ብቻ ልይበት" አለ። ሰዓት አየ። ከሰዓቱ በስተጀርባ ግን በየእሑዱ የሚታየው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰው የውጭ አገር ድራማ ተጀምሮ ኖሯል። አቶ ጥላሁን "ድምፁን ጨምርማ፣ ጆሮዬ ደከም ብሏል" አሉ። ተጨመረ።

ቄሰ ገበዝ ጋቢያቸውን ግንባራቸው ድረስ ሳቡ። በስፖኪዮ አያቸዋለሁ። ጋቢው መጀመሪያ ቅንድብ ላይ ነበር። ቀጥሎ አፍንጫ ላይ ወረደ። ፋግታን ስናልፍ አገጭ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ትከሻቸው ላይ ተረስቶ ቀረ።

"ይሄ ልጅ ማነው?" አሉ።

"ሰሊም ነው" አለ አያ ቢያድግልኝ። "ልጅቱን ሊያገባ ነው። ዛሬ አጎቱን ሽምግልና ልኮታል።"

"ደግ ልጅ ነው?"

"ኧረ ምን ደግ! ሌላ ሚስት አለችው። ባለፈው እሑድ በስልክ ሲያንሾካሹክ አይተነዋል። ያ ሽማግሌ አያውቅም፣ የልጅቱ አባትም አያውቅ። እኛ ብቻ ነን የምናውቅ።"

ይህ "እኛ ብቻ ነን የምናውቅ" የሚለው ቃል ቄሰ ገበዝን ከበዳቸው። ወደ ስክሪኑ ዘንበል አሉ። ድምፁን እንደምሰማው አጎትየው ስለ ሰሊም ጨዋነት እየማለ እየተገዘተ ነው፤ አባትየው ያዳምጣል። አባትየው ጉሮሮውን ጠርጎ "እንግዲህ የእኔ መልስ..." ሲል ድምፁ ቆመ።

አዲስ ቅዳምን አልፈን ዛፍ ውስጥ ገብተናል። አገሩን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ሰው እህል ዘርቶ እንደሚኖረው እዚህ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ይኖራል፤ መንገዱን ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ይዞታል። ዲሿ ሆዷ ውስጥ ብትዞር ብትዞር ሰማይ የለም። ምስሉ ደርቋል አሉኝ፤ አባትየው አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

"ወደፊት ንዳ" አሉ አቶ ጥላሁን። ነዳሁ። ከጫካው ወጥተን ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ድምፁ ተመለሰ። "በል ቁም" አሉ ቄሰ ገበዝ።

"ቄሰ ገበዝ፣ ቀጠሮ አለብን" አልኋቸው።

"ልጄ፣ ያ ሰውዬ ልጁን ለባለሚስት ሲሰጥ መንገድ ላይ ጥዬው ልሂድ?"

ቆምሁ። ማስታወቂያ መጣ፤ ሄደ። ሌላ ማስታወቂያ መጣ። ላሞቹ ቀርበው መኪናውን ከበቡት። አባትየው በመጨረሻ አፉን ሲከፍት ክፍሉ አለቀ።

"ጥፋቱ የአጎትየው ነው" አሉ ቄሰ ገበዝ ቀስ ብለው። "ያላጣራውን ልጅ ይዞ ሰው ቤት ገብቶ ይምላል።" በስፖኪዮው ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። "እኛ የአንተን ወንድም አጣርተናል?"

"ቄሰ ገበዝ፣ እርስዎ ነዎት ክርስትና ያነሡት" አልሁ።

"እሱማ ሕፃን ሆኖ ነው። ያኔ ሚስት አልነበረው" አሉ። "አሁንስ?"

ለወንድሜ ጥብቅና መቆም ነበረብኝ፤ ግን ስለ ወንድሜ ሳስብ ከከብት መድኃኒት ያለፈ ነገር አጣሁ። ሌላ ሚስት የለውም ስል ድምፄ እንደ ድራማው አጎት ድምፅ ሆነብኝ። አያ ቢያድግልኝ "ለምን ራሱን አንጠይቀውም" ብሎ ስልኩን አወጣ። ደወለ። ስልኩ ተይዟል። መንገድ ጀመርን። ደገመ፤ ተይዟል። ኢንጅባራ ስንገባም ተይዟል፤ ኢንጅባራን ስንወጣም ተይዟል።

"ሽማግሌ በላከበት ዕለት ይህን ያህል ከማን ጋር ነው የሚያወራ?" አሉ አቶ ጥላሁን። ሁሉም አንዲት የማትታወቅ ሴት መኪናው ውስጥ ገብታ መሃላችን እንደተቀመጠች ያህል ጠበብ ጠበብ ብለው ተቀመጡ።

የአቶ አለኸኝ ግቢ በቀርከሃ የታጠረ ነው። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አንጓች ቆመዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ቤት ገባን። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ቢባሉ እንደ ወጉ መልስ ሳናገኝ እንቢ ብለው ቆሙ፤ እኔም ደጃፉን ተደግፌ ቆምሁ።

"ሰው ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ሰዓት ያከብራል" አሉ አቶ አለኸኝ። "ምን አገኛችሁ?"

"ጎማ" አለ አያ ቢያድግልኝ።

"ከብት መንገድ ዘግቶ" አሉ አቶ ጥላሁን፣ በዚያው ቅጽበት።

ሁሉም ወደ ቄሰ ገበዝ ዞረ። ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። "ቴሌቪዥን እያየን ነው የዘገየን" አሉ።

ከባላቸው ጀርባ የወይዘሮ አንጓች ድምፅ መጣ። "ሰጠ ወይስ ከለከለ?"

አቶ አለኸኝ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ምኑን?"

"ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም" አሉ ወይዘሮ አንጓች፣ ለባላቸው ሳይሆን ለቄሰ ገበዝ። "የሰሊምን ነገር ሳላየው ቀረሁ።"

"አፉን ሲከፍት አለቀ" አሉ ቄሰ ገበዝ።

"ሁልጊዜ እንደሱ ናቸው" አሉ ወይዘሮ አንጓች፣ በሐዘን።

አቶ አለኸኝ በእጃቸው ዝም አሰኙና "የመጣችሁበትን ተናገሩ" አሉ። ቄሰ ገበዝ ንግግር ይችላሉ። ለዚህ ዕለት ያዘጋጁትን ዳንግላ ሳሉ ሲወጡት ሰንብተዋል፤ የዘር ሐረጉ አለ፣ ምሳሌው አለ፣ ጥቅሱ አለ። በዚህ ሁሉ ፈንታ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

"ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል። ልጁን አቅፌ ክርስትና አንሥቼዋለሁ፤ እናትና አባቱ ጨዋ ናቸው፣ እሱም ሲሰርቅም ሲሳደብም አላየሁ። ግን ዛሬ ከቀትር ጀምሮ ስልኩ ተይዟል። ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም። በማላውቀው ነገር መስቀል ይዤ አልምልም። ስትሰጡ አጣርታችሁ ስጡ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እሺ እል ነበር፤ የጥርባ መሬት ግን ጠንካራ ነው። አቶ አለኸኝ ለሚስታቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። እኔ አገውኛ የማውቀው ገበያ ላይ የሚያስፈልገኝን ያህል ነው። አቶ ጥላሁን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "'እነዚህ ሰዎች ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡ ወይስ ሊያስጠነቅቁን?' ነው የሚሏቸው" አሉኝ።

ከዚያ አቶ አለኸኝ በአማርኛ "እስኪ አሁን ደውሉለት" አሉ።

አያ ቢያድግልኝ ደወለና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። "የደወሉላቸው ደንበኛ ሌላ ጥሪ ላይ ናቸው።" የቴሌዋ ሴትዮ በአማርኛ ብላን በእንግሊዝኛ ልትደግመው ስትል ተቋረጠች። ያን ጊዜ ከጓዳ በኩል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ዝቅ ያለ የሴት ልጅ ድምፅ ተሰማ።

"መጥተዋል አልሁህ እኮ... ቆመዋል፣ አልተቀመጡም... አዎ፣ ቄሱ ናቸው የሚናገሩ። ስለ አንተ ነው... እንጃ። ደግ ነገር አይመስለኝም።"

ሽማግሌ፣ አባት፣ እናት፣ ሹፌር፣ ሁላችንም መጋረጃውን እንመለከታለን። እንደዚያ ዕለት መጋረጃ ተመልክቼ አላውቅም።

"የዝና" አሉ አቶ አለኸኝ።

መጋረጃው ተከፈተ። ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ይዛ ወጣች።

"ማነው?"

"እሱ ነው፣ አባዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቀትር ጀምሮ። ወንድሙ ጋ ቢደውል ቢደውል አያነሣለትም። ቀጠሮው ሲያልፍ፣ ገደል ገብተው ይሆናል ብሎ ፈራ። ደረሱ ወይ እያለ እኔን ሲጠይቅ ነው የዋለ። እያለቀሰ ነው።"

አሁን ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ድራማው እስኪያልቅ ወንድሜ ያልደወለበት ደቂቃ የለም። ድራማው ከጀርባዬ ሲጮህ፣ ስልኬ ከጭኔ ላይ ሲጮህ፣ የሰው አገሩን ሰሊም ሰምቼ የእናቴን ልጅ ሳልሰማው ቀርቻለሁ።

አቶ አለኸኝ እጃቸውን ዘረጉ። የዝና ስልኩን ሰጠቻቸው። አማት የሚሆን ሰው ገና ባልተመለሰ ጥያቄ ላይ ከሙሽራው ጋር በስልክ ሲያወራ የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ያኔ ብቻ ነው የሰማሁ። "ሽማግሌዎችህ ደርሰዋል" አሉት። "ደህና ናቸው። ገደልም አልገቡ፣ ሜዳ ላይ ነው የቆዩ። አሁን ስልኩን ዝጋና አረፍ በል።" ከወዲያ በኩል ምን እንደተባለ አልሰማንም፤ አቶ አለኸኝ ግን የሚስቅ ሰው እንዳይመስሉ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ።

"ተቀመጡ" አሉን ቀጥለው። ተቀመጥን።

"ከዚህ በፊት ብዙ ሽማግሌ ገብቶብኛል" አሉ። "ሁሉም መልአክ ይዞ ነው የሚመጣው። ልጄን ለመልአክ መስጠት ፈራሁ። የራሱን ልጅ የሚጠረጥር ሽማግሌ ዛሬ ገና አየሁ።" ወደ የዝና ዞሩ። "ብቻ እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት እሷ ትናገር። ትፈልጊዋለሽ?"

የዝና መሬት መሬት እያየች "አሁን እንኳን አይዞህ ብዬው ልምጣ" አለች። ይህ መልስ ነው አይደለም ብሎ የተከራከረ የለም። የወሩ መድኃኔዓለም ዕለት ለቁርጡ ተመለሱ ተባልን። እንደዚያ ሲባል፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ስንወጣ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ አንጓች መኪናው ድረስ ሸኙን፤ ሸኝተውም አልተመለሱም። "እስኪ በዚያ በኩል ሌላ ነገር አለ ይሆን?" አሉ፣ ወደ ስክሪኑ እያዩ። ገቡ። አቶ አለኸኝ ሊጠሯቸው መጥተው እሳቸውም ገቡ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት መጣ። ጨዋ ሰው እንግዳን እንኳ ውጣ አይልም፤ ባለቤትንማ በገዛ ግቢው እንዴት ውረድልኝ ይባላል? እኔና ሦስቱ ሽማግሌዎች ከቀርከሃው አጥር ሥር ተጠግተን ካፊያውን ጠበቅን። አያ ቢያድግልኝ በመስኮት ለማየት ሞክሮ ነበር፣ ግን የውስጡ ሰው ትንፋሽ መስታወቱን ሸፍኖታል።

ስንመለስ ቴሌቪዥኑን የሚከፍት ጠፋ። ሪሞቱም እዚያው ወንበር ላይ ነበር፤ ማንም አላነሣውም። ኢንጅባራን አልፈን ዲከረንሱ ውስጥ ስንገባ ቄሰ ገበዝ ድንገት ተናገሩ።

"ያቺ ልጅ 'ትፈልጊዋለሽ' ተብላ ተጠየቀች።"

"ተጠየቀች" አሉ አቶ ጥላሁን።

"የእኔዋን ማንም አልጠየቃት። አባቷና አባቴ ገብስ ማሳ ዳር ቆመው ተነጋገሩ፤ እሷ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ነው የሰማች። እኔም አልጠየቅኋት። መቀደስ ነበረብኝ፣ ከዚያ ልጅ መጣ፣ ከዚያ ሌላ ልጅ መጣ።" ጋቢያቸውን አስተካክለው "ቤት ስገባ እጠይቃታለሁ" አሉ።

አያ ቢያድግልኝ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። እኔም በልቤ ትርንጎን እንዴት እንዳገባኋት ማስታወስ ጀመርሁና፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ወደ መሪዬ ተመለስሁ።

በመድኃኔዓለም ዕለት የዝና ለደሳለኝ ተሰጠች። ዲሹ ዛሬም ጣሪያዬ ላይ ነው። ይቅር ያሉኝም ይቆይ ያሉኝም እኩል እየተሳፈሩበት ነው፤ የሰው አስተያየት መኪና ውስጥ እስኪገባ ድረስ ነው። ድምፁን ብቻ ቀንሼዋለሁ፤ ስልኬ ሲጮህ መስማት አለብኝ። ትርንጎ "ታዲያ ጠቀመህ ወይስ ጎዳህ?" ብላ ስትጠይቀኝ "ወንድሜን ዳረልኝ" እላታለሁ፤ "ሊያስቀረውም ነበር" ትለኛለች። ሁለታችንም ልክ ስለሆንን ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ቄሰ ገበዝን ያገኘኋቸው ከቁርጡ ቀን ብዙ ቆይቶ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ጥላቸውን ዘርግተው ሲሄዱ። መኪናዬን አቁሜ ጫንኋቸው፤ ከፊት፣ ከአጠገቤ ተቀመጡ። ብዙ እያመነታሁ ጠየቅኋቸው።

"ቄሰ ገበዝ፣ ያን ነገር ባለቤትዎን ጠየቋቸው?"

"ጠየቅኋት።"

"ምን አሉ?"

ጥላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙና መንገዱን ተመለከቱ።

"'ይህን ሁሉ ዘመን ቆይተው ዛሬ ምን አስቸኮለዎት?' አለችኝ። ከዚያ እራቴን አቀረበችልኝ።"

"መልሱንስ?"

"እየጠበቅሁ ነው" አሉ።